የሐዘን ፀጉር በጠርሙስ

ናፍታሊን ሲሸተኝ አፌ ምራቅ ይሞላል፤ ሊያስመልስ ሲል የሚመጣው ዓይነት ምራቅ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ከቁም ሳጥን ያወጣችውን ካፖርት "ለክተሽ አሳዪኝ እስቲ" ብላ ትከሻዬ ላይ ስትጥልብኝ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ያረገዝኩ መስሏት ሳቀች፤ በዚህ ዕድሜዬ! ለሷ ምክንያቱን አልነገርኳትም። ላንተ ልንገርህ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ከሞተች ሁለት ወር አልሞላም። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ አባቴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መሪ ነበር። በቅሬው፣ በሰፈራችን ዕድር፣ ያሉ ሴቶች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሊያለቅሱላት ሲመጡ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እሷ ጌታዋ ጋ ናት፤ እዚህ ቤት ሙሾ አይወርድም" አላቸው። የመዝሙር ወረቀትም አደላቸው። አንዷ ወረቀቱን ገልብጣ ይዛ፣ "ኧረ እኔ ማንበብ የት አውቄ! የማውቀው ማልቀስ ነው" ስትል ሰማኋት። ትንሽ ተቀመጡ፣ አዛጉ፣ ሄዱ። እኔም አላለቀስኩም። በኋላ ብቻዬን ስሞክር እንኳ እንባዬ እምቢ አለኝ። እናቴን አልወዳትም ነበር ማለት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ለአባቴም ይህንኑ ነገርኩት።

የአባቴ መድኃኒት ሙዚየም ሆነ። "የድሮው ለቅሶ ጨለማ ምን ይመስል እንደነበር ተመልከቺና ተጽናኚ" ብሎ በሐረጎ ዳገት ደሴ ወሰደኝ። በቅሬ ጥሩንባ ነፊነት ያረጁ አንድ አዛውንት፣ ከቤታቸው ጎን ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል በቀብር ዕቃ ሞልተው፣ በሯ ላይ በቀይ ቀለም "ሙዚየም" ብለው ጽፈውባታል። ውስጥ ምስጥ የበላው ቃሬዛ ነበር፤ ላዩ ላይ ምንነቱን መጠየቅ ያልፈለግኩት ቡናማ እድፍ። ብብቱ ላይ ላብ ነጭ ጨው ሆኖ የደረቀበት ከል ተሰቅሏል። ሁሉም ላይ ናፍታሊን እንደ ዘር ተበትኗል። ዛሬ ቅርስ ሲባል የሚመሰጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከቅርሱ ግማሹ ያልታጠበ ልብስ ነው ባይ ነኝ።

አባቴ ደስ አለው። "አየሽ? አየሽ?" ይላል በየዕቃው ፊት።

አዛውንቱ አልከፋቸውም። "እኛንም ሼሁ ሙሾ ሐራም ነው ይሉን ነበር" አሉት። "እሳቸው የሞቱ ዕለት ግን፣ ወላሂ፣ አገር ነው የተንጫጫው።"

ከዚያ ከመደርደሪያ አንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ አወረዱ። ባል ወይም ልጅ የሞተባቸው ሴቶች የተላጩት ፀጉር ነው፤ ቅቤው እንዳለ። ክዳኑን ከፈቱት። የሻገተ ቅቤ ሸተተኝ፣ የራስ ላብ፣ ናፍታሊን። ከሁሉም ሥር ደግሞ የእናቴ ትራስ።

የአባቴ የተወለወለ ጫማ ላይ አስመለስኩ።

"አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ!" አዛውንቱ ውሃ ሊያመጡ ወጡ።

አባቴ መሐረቡን አውጥቶ ጫማውን ሊጠርግ አጎነበሰ። ቀና አላለም። "የሷ ሽታ" አለ። "የሷ..." ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። አለቃቀሱም አስቀያሚ ነበር፤ ንፍጡ ጺሙ ላይ ወርዶ፣ እንደሚታረድ በሬ እያጓራ። ከቃሬዛው ይልቅ እሱ አስጠላኝ። ፊቴን ላዞር ስል "እማዬ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። ከዚያ በኋላ ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም።

በዚህ መሃል ደጅ ላይ ተማሪዎች መጡ። አዛውንቱ የውሃውን ጆግ እንደያዙ በሩን ከውጭ ገጠም አደረጉት።

"ዛሬ ዝግ ነው" ሲሏቸው ሰማሁ።

"ኧረ አባባ፣ ውስጥ ሰው አለ እኮ! ይሰማል!"

"ለቅሶ ላይ ነን። ድምፃችሁን ቀንሱ።"

ተማሪዎቹ ሄዱ። እሳቸው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጥላቸው በበሩ ሥር ይታየኝ ነበር። እስክንጨርስ አልተነሱም።