የዓሣው መዥገር
የወንዝ ዛጎል እጭ ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ ተጣብቆ እንደሚያድግ ለመካነ ሰላም ተማሪዎቼ ላሳይ ተነሳሁ። እጭ የያዘ ዓሣ ሁለት ጊዜ ከወንዝ ባመጣም፣ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ሁለቱም ሞቱብኝ። ሦስተኛውን ግን ቄሱ አባቴ አዩት። ስንጥቡ ላይ የተጣበቁትን ነጫጭ ነጠብጣቦች አይተው «ምስኪን፣ መዥገር ይዞታል» አሉና በየጠዋቱ ከምንጩ ጸበል እየቀዱ ዓሣው ያለበት ሳፋ ውስጥ ይገለብጡ ጀመር። ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ሙከራዬን አበላሹብኝ!» ብል ማን ሰምቶኝ!

በሦስተኛው ሳምንት ነጠብጣቦቹ ረገፉ። አባቴ «ዳነ!» ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። እኔ ሳፋው ውስጥ ያለውን አሸዋ በማጉያ መነጽር ሳይ፣ አሸዋ የሚያካክሉ ዛጎሎች እግራቸውን አውጥተው ይሄዳሉ። ለካ የምንጩን ጸበል ክሎሪን አልነካውም!

እየዘለልኩ ጮህኩ፦ «አባባ፣ መዥገሩም ድኗል!»