ባሕሩ የት ደረሰ?

አጎቴ ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያው ዕቃ ትናንት ከደርባን ወደብ ጄፒ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ያለው ሱቃችን ደረሰ። እሳቸው ቢኖሩ ካርቶኑ ሳይወርድ ሹፌሩን «ባሕሩ የት ደረሰ?» ይሉት ነበር። ሁሌም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ወደዚህ አገር ሲመጡ የሰገዱበት የደርባን ባሕር ዳርቻ ያኔ አሸዋ ነበር። በኋላ አፈር ተደፋበት፣ ሲሚንቶ ፈሰሰበት፣ የኮንቴይነር ማራገፊያ ሆነ። «እኛ ዕቃ ባዘዝን ቁጥር ባሕሩ ይሸሻል» ይሉና እዚያው ቆመው የሚቀጥለውን ወር ዕቃ ያዛሉ። እየተቆጩ ይሁን እየቀለዱ አንድም ቀን አልገባኝም።

ሹፌሩ ሁልጊዜ ስቆ ነበር የሚያልፋቸው። ትናንት ግን ወንበራቸውን ባዶ ሲያየው ግራ ገባው።

«ሀጂ አረፉ» አልኩት።

ካርቶን ላይ ዘጭ አለ። «አሁን ስመጣ እኮ ባሕሩን ላይላቸው ሄጄ ነበር።»

«እና የት ደረሰ?»

«እኔ እንጃ። የወደቡን ግንብ ዞሬ ዞሬ፣ ባሕሩን ሳላየው መጣሁ።»

አላህ ይዘንላቸው። አስመጪው «የሚቀጥለውን ልላክ ወይ?» ብሎ ጽፎልኛል፤ እስካሁን አልመለስኩለትም። እሳቸው ቢሆኑ ያዝዙ ነበር። ግን መጀመሪያ ይጠይቁ ነበር። እኔ ማንን ልጠይቅ?