ይደገም

የሐይቁ ዳር ሰዎች «ጠርሙሷ» ይሏታል። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየሰኞው ማለዳ የላስቲክ ሱሪዋን አጥልቃ ልጆች በሚዋኙበት በኩል እስከ ወገቧ ትገባለች። ጠርሙሱን አፉን ደፍታ እስከ ክርኗ ታሰጥምና እዚያው ገልብጣ ትሞላዋለች። «ጠርሙሷ፣ ውሃው ገና አላለቀም?» ይሏታል። «እናንተ እየጠጣችሁት መቼም አይቆይም» ትላለች።

የውሃ ምርመራ ቢሮዋ ስትገባ ግን ቀልዷ ደጅ ይቀራል። ከውሃው ጥቂት ጥቂት ትናንሽ ሰሃኖች ላይ ታፈስና የሙቀት ሳጥን ውስጥ ታሳድረዋለች፤ በማግስቱ የበቀሉትን ሰማያዊ ነጠብጣቦች ትቆጥራለች። ነጠብጣብ በዛ ማለት ውሃው ውስጥ ሰገራ አለ ማለት ነው። አለቃዋ ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። የሚቀፈው ቃሉ ነው እንጂ ውሃው አይደለም።

መጥፎ ውጤት ሲቀርብለት ቀይ እስክሪብቶውን መዥረጥ ያደርግና ጥጉ ላይ «ይደገም» ብሎ ይጽፋል። እስኪደገም ድረስ ሐይቁ ዳር የተተከለው ሰሌዳ እንደነበረ ይቆያል። የነበረው ደግሞ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ይዋኛል ማለት። ንጹሕ ውጤት ተደግሞ አያውቅም።

አምና በአንዱ የ«ይደገም» ሳምንት የእህቷ ልጅ ዋኝታ አስራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ጠርሙሷ የዚያን ሳምንት ነጠብጣብ በገዛ እጇ ቆጥራ ነበር። ቆጥራም አፏን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ ባየች ቁጥር አንጀቷ ያርራል፤ በአለቃዋም፣ በራሷም።

ዘንድሮ የልጆች የዋና ውድድር ቅዳሜ ጠዋት ሊሆን፣ ማክሰኞ ከአራት መቶ በላይ ነጠብጣብ ቆጠረች። አለቃዋ ለስብሰባ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ስልክ አልደወለችለትም። ሄዳ ሰሌዳውን በገዛ እጇ ወደ ቀይ አዞረችው።

ረቡዕ ሲመለስ ጠራት። «ይደገም» አለ። «አሁን ደግሞ ከመርከብ ማቆሚያው ጫፍ ነው የምትቀጂው፤ ከጥልቁ።»

«እዚያ ማን ይዋኛል? ዓሣ ካልሆነ በቀር።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የታዘዝሽውን አድርጊ።»

አደረገች። ሐሙስ ቀዳች፣ ዓርብ ረፋድ ቆጠረች፤ ሦስት ነጠብጣብ። አለቃዋ ወረቀቱን አይቶ ጥርስ በጥርስ ሆነ። «አየሽ? በከንቱ አገር አሸበርሽ። በይ ሂጂና አረንጓዴ አድርጊው።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቀይ እስክሪብቶ አነሳች። ወረቀቱ ጥግ ላይ «ይደገም» ብላ ጻፈች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየደገምኩ። አሁን ልጆቹ ከሚዋኙበት እቀዳለሁ፤ ውጤቱ ነገ ከሰዓት ይደርሳል። እስኪደገም ሰሌዳው እንደነበረ ይቆያል። ደንቡ የእርስዎ ነው፣ እስክሪብቶውም የእርስዎ።»

«ከሥራ አባርርሻለሁ።»

«ያባርሩኝ። በደብዳቤው ላይ ግን ምክንያቱን ይጻፉልኝ፤ ይደገም ስላለች ብለው።»

ባዶ ጠርሙሷን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ቀዩ ሰሌዳ ሥር ተኮልኩለው አኮረፉ። የእህቷ ልጅ የዋና ልብሷን እንደለበሰች አክስቷን ላለማየት ፊቷን አዞረች። እህቷ ግን ቀስ ብላ መጥታ ከጎኗ ቆመች። ሰሌዳውን ብዙ አየችው።

«አንቺ ነሽ ያዞርሽው አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ነጠብጣቡን የምትቆጥሪውም አንቺ ነሽ፤ በየሳምንቱ።»

«አዎ።»

እህቷ ዞራ አየቻት። «እና አምናም ታውቂ ነበር?»

ጠርሙሷ አንገቷን ደፋች። «አውቅ ነበር» አለች።

እህቷ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳትላት ሄደች።