ለጄኔሬተር የተላኩ ሽማግሌዎች

መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ፣ ሶዶ ውስጥ አንድ ሆቴል ጄኔሬተር የሚይዝለት ሰው ይፈልግ ነበር። እኔ ሞተር እየፈታሁ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ፤ አሠራሩን ላስረዳ ካልኩ ማን ያስቆመኛል! «አንተስ ምን ትችላለህ?» ስባል ግን አፌ ይታሰራል። እኛ ዘንድ ራስን ማወደስ ነውር ነዋ፤ ሰው የሚመሰገነው በሌላ ሰው አፍ ነው። ስለዚህ አጎቴንና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይዤ ሄድኩ።

የሆቴሉ ባለቤት ወንበር ሲያቀርቡ፣ ሽማግሌዎቼ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ ቆምኩ።

«ልጃችን አይጠጣም፣ ታማኝ ነው፣ የያዘውንም አይለቅም» አሉ አጎቴ።

ባለቤቱ ላባቸውን ጠረጉ። «ልጁንስ ወድጄዋለሁ። ሴት ልጄ ግን ገና ተማሪ ናት።»

አጎቴ ደነገጡ። «ኧረ ወንድሜ፣ እኛ የመጣነው ለጄኔሬተሩ ነው!»

«እሱንማ ዛሬውኑ ይውሰደው!»