የሐምሌና የነሐሴ ደመወዝ

ሥራ የጀመርኩት በሚሊኒየሙ ማግስት፣ ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ስለ ክፍልፋይ ላስተምር ተዘጋጅቼ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። ተማሪው ከመቀመጫው በላይ ስለነበር ክፍለ ጊዜው አንድን ወንበር ለአራት በማካፈል አለቀ። ክፍልፋይን ከዚያ የተሻለ አስተምሬ አላውቅም።

በእረፍት ሰዓት ጋሽ ጴጥሮስ ሻይ ጋበዙኝ። በትምህርት ቤቱ ረጅም ዘመን ያገለገሉ የአማርኛ መምህር ናቸው።

«ዲፕሎማ ነህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ በሒሳብ።»

«እንግዲያው ዲግሪህን ቶሎ ጀምር። በበጋ መምህር ሁሉ አንድ ነው። የሚለየው በክረምት ነው።»

ይህን ላብራራው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል። የመንግሥት መምህር ግን ደመወዙ አይቋረጥም፤ በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ እየገባ ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ያሳድጋል። በዚያን ጊዜ እኔ የማውቃቸው የግል ትምህርት ቤት መምህራን ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ይሰናበቱና ከተፈለጉ በመስከረም ይጠራሉ። እነዚህን ጓደኞቼን በክረምት የማገኛቸው ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲጭኑ ነበር። ፊዚክስ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ዘለላውን ከመሬት አንሥቶ መኪናው ላይ እየጫነ፣ «ኃይል ሲባዛ በርቀት! ይኸው ሥራ!» ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ ከተማ ውስጥ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሊቀጥረኝ ፈለገ። የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ፣ የሙከራ ትምህርት አስተምሬ፣ «ተቀብለንሃል» ተባልኩ። ደመወዙ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ነው፤ መንግሥት ከሚከፍለኝ በግማሽ ይበልጣል። ታናሽ እህቴም ሲቀላ መሰናዶ ስለገባች አብሬያት መኖር ነበረብኝ። ችግሩ ክፍያው የአሥር ወር ብቻ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ዲግሪዬን ለመጨረስ ሁለት ክረምት ይቀረኛል። መንግሥትን ከለቀቅኩ የትምህርቱን ወጪ የምችለው ራሴ ነኝ፤ የሚከፈለውም ደመወዝ በሌለበት በሐምሌ ነው። ክረምቱ ካልተከፈለኝ ዲግሪው ይቀራል ማለት ነው።

ጋሽ ጴጥሮስን ሳማክራቸው፣ «ሂድና ተነጋገር። ሳትስማማ ግን መልቀቂያ እንዳታስገባ» አሉኝ።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሐጂ ከድር የጅምላ ነጋዴ ናቸው። የደመወዝ ጉዳይ የሚያልቀው በትምህርት ቤቱ ቢሮ ሳይሆን በሱቃቸው ውስጥ ነው። ስደርስ ለአንዲት ባለ ሱቅ ሳሙና በካርቶን እያስቆጠሩ ነበር። የስኳር ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ።

«ሐጂ፣ ደመወዙ የአሥራ ሁለት ወር እንዲሆንልኝ ነው የመጣሁት።»

«ተማሪ በሌለበት? ሱቄን ዘግቼ ለማን እሸጣለሁ?» ብለው ሳቁ። «ይልቅ ሁለት መቶ ልጨምርልህ። አንድ ሺህ ሰባት መቶ፣ አሥር ወር። ጨረስን።»

እኔም ሲቀላ ጫማ ስገዛ የማደርገውን አደረግኩ። «እንግዲያው ይቅር» ብዬ ተነሣሁና ቀስ እያልኩ ወጣሁ። የገበያው ልማድ የታወቀ ነው፤ ሻጭ ዋጋው ካዋጣው ከኋላ «ና እስቲ!» ብሎ ይጠራል። ባጃጆቹ ጋ ደረስኩ። የጠራኝ የለም።

«ሴቻ ነው? ግባ!» አለኝ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚጭን አንድ ባለ ባጃጅ።

«አይ፣ የትም አልሄድም» አልኩትና ተመለስኩ።

ሐጂ ቀና እንኳ አላሉም። «ጥሪ ስትጠብቅ ነበር? እኔ የምጠራው ገዢ ሲሄድብኝ ነው። ዛሬ ሻጩ አንተ ነህ። ሻጭ ሱቁን ጥሎ ሲሄድ ማን ይጠራዋል?»

ባለ ሱቋ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ እውነታቸውን ነው። ተመልሼ ጆንያዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሻጭ ከሆንኩ፣ ገዢው ምን እንደጎደለው ማወቅ አለብኝ።

«ሐጂ፣ ባለፈው ሰኔ ስንት የሒሳብ መምህር ነበርዎት?»

«ሁለት።»

«በመስከረም ስንቱ ተመለሰ?»

የመለሰችልኝ ባለ ሱቋ ናት። «የኔ ልጅ እስከ ኅዳር ሒሳብ አልተማረም፤ ረሱት እንዴ ሐጂ?»

«አንቺ ሳሙናሽን ቁጠሪ!»

«ለመስከረም የሚፈልጉት ሰው ክረምቱን ምን በልቶ ይጠብቅዎት?» አልኩ። «በወር አንድ ሺህ አራት መቶ ይክፈሉኝ፤ ግን አሥራ ሁለት ወር። ትምህርት በሚጀመርበት ቀን ክፍል ውስጥ ያገኙኛል።»

ጣሪያውን አንዴ አዩት፤ ሒሳቡን ጨርሰዋል። «እኔ በዓመት አሥራ ሰባት ሺህ ሰጠሁህ። አንተ አሥራ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ጠየቅክ። የሒሳብ መምህር ነው ያሉኝ አንተን ነው?»

«አስልቼ ነው።»

«ታዲያ ሁለት መቶ ብር ለምን ትጥላለህ?»

«አልጣልኩም። ሐምሌን ገዛሁበት።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። «እሺ፣ ቃሌ ነው።»

«ቃልዎን አምናለሁ። ግን ይጻፍልኝ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ በቃሌ ስንት መኪና ስኳር ያራገፍኩ ሰው ነኝ!»

«ስኳሩ ወደ እርስዎ ሲመጣ የመንግሥት ሥራ አይለቅም፣ ሐጂ።»

ባለ ሱቋ ካርቶኑ ላይ ተደግፋ ሳቀች። ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው ርዕሰ መምህሩ ጋ ደወሉ። «ለዚህ ልጅ አሥራ ሁለት ወር ብለህ ጻፍለት። ምላሱ ከኔ ይረዝማል።»

ውሉን ከፈረምኩ በኋላ መልቀቂያዬን አስገባሁ። በሐምሌ ደመወዜ ወጣ፤ በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ከፈልኩ። ዲግሪዬን በሁለተኛው ክረምት ጨረስኩ።

ያን ሰሞን ሐጂን ሱቃቸው በር ላይ አገኘኋቸው። «ገበያዬን አበላሸህብኝ» አሉኝ። «አሁን መምህሩ ሁሉ አሥራ ሁለት ወር ይላል።»

«በመስከረምስ ስንቱ ቀረብዎት?»

«ማንም አልቀረም» አሉና ወደ ሳሙናቸው ተመለሱ።

አዲስ ተቀጣሪዎች ስንት ብር እንጠይቅ ይሉኛል። ብሩን ከመጥራታችሁ በፊት ለስንት ወር እንደሆነ ጠይቁ። ስትስማሙ አጽፉ። መልቀቂያ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።