የጎልማሶች መቁጠሪያ

ካኪ የለበሰው ሰውዬ አምቦ፣ በጉደር መንገድ ዳር ካለው የኦቦ ፈየራ አናጢ ቤት ገብቶ፣ ቆርኪ የሚያካክሉ ሁለት መቶ የወይራ ክቦች አዘዘ። ስሙን አልተናገረም። ባለፈው እሁድ በቀበሌው ስብሰባ የካርታ ቁማርተኞችን ሲያወግዝ ግን ፈየራ ሰምቶታል።

“ለመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጎልማሶች ቁጥር ይለማመዱበታል” አለ ሰውዬው።

“ምን ምን ልጻፍባቸው?”

“አምስት፣ አስር፣ ሃያ አምስትና መቶ።”

“አንድና ሁለትስ?”

“ጎልማሳ ከአምስት ነው የሚጀምረው።”

በሳምንቱ ለናሙና የተሠሩትን ጥቂት ክቦች ሲረከብ፣ ዓይኑን ፈየራ ላይ እንደተከለ ክቦቹን በአንድ እጁ ለሁለት ከፍሎ፣ አቀላቅሎ፣ መልሶ ደረደራቸው። ጣቶቹ ከአፉ ይልቅ የተማሩ ነበሩ።

“ተማሪዎቹ ስንት ናቸው?” አለ ፈየራ።

“አራት።” ሰውዬው በሩን ገርበብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንድ ሰው ጎድሎናል። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ነን። ለመሆኑ ኦቦ፣ ፖከር ይችላሉ?”