ጆሮው ደህና የሆነ ኮምፒውተር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... እኔ፣ ወንድሜ ናስርና እማ ሰበታ አስፋልቱ ዳር ካለ ኮምፒውተር ቤት ገብተን እየተጨቃጨቅን ነው። አባዬም አለ፣ ግን እንደሌለ ነው።

እንደሌለ ያልኩት ስለማይሰማ ነው። ጆሮው ቀስ በቀስ ከከዳው ዓመታት አልፈዋል። የጆሮ መሣሪያ ተገዝቶለት ነበር፤ እየጮኸ ሲያስቸግረው አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ በዚያው ቀረ። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከተጂ ከተማ የሚመጡት ደንበኞቹ «ኦቦ ሁሴን» እያሉ በኦሮምኛ ሲከራከሩት፣ ሲያስቁት ነበር የሚውለው። አሁን ዋጋውን በካልኩሌተር ጽፎ ያሳያቸዋል፣ እነሱም የራሳቸውን ጽፈው ይመልሱለታል። ቤት ደግሞ እኛ ስንስቅ፣ ምን እንዳሳቀን ባይሰማም፣ አብሮን ይስቃል። በቃ፣ እንደዚያ ሆነን ለምደነዋል።

ናስር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። «ለትምህርት ነው» ይላል፣ ዓይኑ ግን ጌም ከሚያጫውተው ላፕቶፕ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። እኔ የሱቃችንን ጨርቅ ኦንላይን የምሸጥበት፣ ስክሪኑ ሰፋ ያለ፣ ትንሽ ያገለገለ አይቻለሁ። እማ ሁለቱንም አልፈለገችም። በተለይ ቤት ዋይፋይ ይግባ የሚለው ወሬ ሲነሳ ፊቷ ይለዋወጣል።

አባዬን የጠየቀው የለም። በርጩማ ተሰጥቶት ከኋላችን ተቀምጧል።

ናስር ሻጯን «ኦንላይን ክላስ አለብኝ፣ ማይኩ ይሰራል?» አላት። ጫልቱ ትባላለች፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት። «አሁን እናየዋለን» ብላ የተናገሩትን እየሰማ የሚጽፍ ገጽ ከፈተች። አማርኛ ላይ አደረገችው፣ ፊደሉን አተለቀችውና ላፕቶፑን ወደ እኛ አዞረችው።

እማ የማይኩ ነገር ጉዳይዋም አይደለም። ጭቅጭቋን ቀጠለች። «ኔት ቤት ከገባ ማን ከማን ጋር ያወራል? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሊቀር ነው!»

ከኋላችን የአባዬ ድምፅ መጣ።

«ድሮስ ከእኔ ጋር ማን ያወራል?»

ሦስታችንም ዞርን። አባዬ ከበርጩማው ተነስቷል፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። እማ ያለችው በሙሉ እዚያ ተጽፏል፤ «ኔት» የሚለውን ብቻ «ነጭ» ብሎታል።

የተቆጣ አይመስልም። ገርሞታል። ጣቱን በፊደሎቹ ስር እያስኬደ ደግሞ አነበበውና «ይሄን አሁን አንቺ ነሽ ያልሽው?» አላት። እማ አፏን በሻርፗ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። መናገር ፈርታለች።

«እናቴ፣ ዝም ብለው ያውሯቸው እንጂ» አለቻት ጫልቱ። ይሄም ተጻፈ። አባዬ አነበበና ወደ ጫልቱ ዞሮ «አላህ ይስጥሽ» አላት።

እማ ለማን እንደምታወራ ግራ ገባት። አንዴ እሱን ታያለች፣ አንዴ ኮምፒውተሩን። ይህቺ ሴት ስንት ዓመት ሙሉ ጎረቤት እስኪሰማ እየጮኸች ነው ስታናግረው የኖረችው። አሁን ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች...

«ሁሴን... ትሰማኛለህ?»

«ሁሴን ትሰማኛለህ» ብሎ ጻፈ ኮምፒውተሩ።

አባዬ ስክሪኑን ትቶ እሷን አያት። «እየሰማሁሽ ነው» አላት።

«ሱብሃነላህ» አለች እማ። እሱንም ጻፈው። በዕድሜዬ እንደዚህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ አባዬ በተነሳበት በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ናስር ጌሙን ረስቶ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሯል። ሲያለቅስ እንዳየሁት ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር... ይኸው።

ከዚያማ ገበያውን አባዬ ያዘው። ነጋዴ አይደል! «የቱ ነው ጆሮው ደህና የሆነው?» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አስከፈተ። እማን «በሩ ጋ ሆነሽ ተናገሪ» አላት። ናስርን አንሾካሹክ አለው። እኔን ደግሞ ባጃጅ ሲያልፍ ጠብቄ እንዳወራ አዘዘኝ። የናስር ላፕቶፕ ሆዬ ግማሹን እየዋጠ አስቸገረ። አባዬ «ይሄስ ከእኔም ይብሳል» ብሎ ወደ ጎን ገፋው።

ናስር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ አጉረመረመ። ኮምፒውተሩ ቋንቋው ተምታታበትና ስለ ዱቄት የሆነ ነገር ጻፈ። አባዬ ዱቄቱን አንብቦ ቀና አለ።

«በኦሮምኛ ነው ያማኸኝ አይደል?»

ናስር ከኋላዬ ተደበቀ።

እማ ጫልቱን «ይሄ ነገር ያለ ኔት አይጽፍም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ያለ ኔትማ አይጽፍም።»

«እንግዲያው ዋይፋዩ ይግባ።»

ሰፊው ስክሪን ተገዛ። ዋይፋዩም በሳምንቱ መሀል ተገጠመልን። ትናንት ምሳ በልተን ኮምፒውተሩ አባዬ ፊት ለፊት ተከፍቶ ተቀምጧል፣ እማ ወሬ ጀመረች። «ያቺ ጎረቤታችን ጠዋት በር አንኳኩታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ዋይፋያችሁ ዛሬ ደክሟል፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?› የሚስጥር ቁጥሩን ማን እንደሰጣት እንኳ አናውቅም እኮ!»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ስቀን ጨረስን፣ እማ ሳህን ማንሳት ጀመረች። አባዬ አጎንብሶ ፊደሎቹን ይከተላል። ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ... ብቻውን ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

ስንት ዓመት ሙሉ ከእኛ እኩል ሲስቅ የኖረ ሰው፣ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግይቶ ሳቀ።